መብራቱ ጠፋ… በሽታውስ?

ባለፉት ሳምንታት የአማትና የምራት ነገር፣ የተካደች ልጅ እምባ፣ «ብደውልለት አያነሳም» ሲሆን ከረመ። ዛሬ ደግሞ ከወደ ገራዶ ለየት ያለ ደብዳቤ ይዣለሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት የመኪና ጉዳይ ነው። መኪና አለበት፣ ኮምፒውተር አለበት፣ ላፕቶፕ አለበት። «እኔ መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት ታዲያ… ሚኒባስ ትሳፈሩ የለም እንዴ? ነገ ደግሞ ገዢ መሆንም አለ።

ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። እንደ ልማዳችን ስሙንም የጋራዡንም ስም አልጠራም። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ቆራርጬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው።

«…እህቴ፣ እኔ እዚህ ገራዶ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ስገባ ጎማ አንሺና መፍቻ አቀባይ ነበርኩ። አሁን ላፕቶፑ የኔ ሥራ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር ፋይል አነባለሁ፣ ፓች እለጥፍበታለሁ፣ መልሼ እጭነዋለሁ። አለቃዬ እንደ አባት ናቸው። ሙያውን ያገኘሁት በሳቸው ነው፤ እናቴ የታመመች ጊዜ የ3 ወር ደመወዝ ቀድመው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የናፍጣ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይደክማል፣ ቼክ ኢንጂን የሚባለው መብራት ይበራል። ስካነር ስሰካበት ፒ0087 አለኝ። ሰውየው ማሠራት አልፈለገም፤ ሊሸጠው ነው። ‹መብራቱ ብቻ እንዳይበራ አድርጉልኝ› አለ። አለቃዬም ‹ኮዱን ከፋይሉ አጥፋለት› አሉኝ። ‹ነገ እሠራዋለሁ› ብዬ አቆየሁት።

ያን ዕለት ማታ ገዢዋን አወቅኋት። ጅዳ ሰው ቤት 7 ዓመት ሠርታ የመጣች የሰፈራችን ልጅ ናት። ለወንድሟ እንጀራ እንዲሆነው ነው የምትገዛው። ይባስ ብሎ ከታናሽ እህቷ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ሽማግሌ ልልክ ነው የማስበው። ብናገር አለቃዬን ከዳሁ። ዝም ብል እሷን ከዳሁ። እኔ ባልሠራው ሌላ ይሠራዋል፤ ፓቹ እኮ 5 ደቂቃ ነው! ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?
የላፕቶፑ ልጅ፣ ከገራዶ»

ጉድ ነው መቼም! እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ ሳነበው ግማሹ አልገባኝም። «ፓች እለጥፋለሁ» ሲል እኔ የመጣብኝ ጎሚስታ ነው። ነገሩ ሳይገባኝ ደግሞ ፍርድ መስጠት የቡና ላይ ሐሜት ስለሚሆንብኝ፣ ሙያውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። (ሁለቱም አቦል ቶና በረካ አጠጡኝ፤ ማታ እንደ ልጁ እኔም እንቅልፍ አጣሁ!) የተረዳሁትን በራሴ ቋንቋ ላውራችሁ።

በካርቡሬተር ዘመን መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል ያደርግና ብሎኗን በዊንዳይቨር እያጠበቀ እያላላ አየሩንና ቤንዚኑን ያስታርቅ ነበር። አሁን ያንን የምትሠራው መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ የሞተሩ ኮምፒውተር። የአየሩን መጠን፣ የውሃውን ሙቀት፣ የነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ፣ የናፍጣውን ግፊት ሴንሰሮች ይነግሯታል። እሷ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እያሰላች «አሁን ርጭ፣ ይሄን ያህል ርጭ» ብላ ኖዝሉን ታዛለች። ትዕዛዙን የምታገኘው ከውስጧ ከተጻፈ ፋይል ነው።

ፋይሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፕሮግራሙ ነው፤ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» የሚለው ሕግ። ሁለተኛው ሠንጠረዦቹ ናቸው፤ በዚህ ፍጥነት ይሄን ያህል ናፍጣ፣ በዚህ ሙቀት ይሄን ያህል፣ ተርቦው ከዚህ ግፊት እንዳያልፍ እያለ በቁጥር የሞላ። የላፕቶፑ ልጅ ገመዱን ከመሪው ሥር ካለችው 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ይሰካና ፋይሉን ያወጣል፤ ወይም አስቀድሞ የተዘጋጀ አቻ ፋይል ይፈልጋል። ከዚያ ሠንጠረዦቹን ይነካካል፤ ካልሆነም ፓች ያደርጋል። ፓች ማለት በዚህ ሥራ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ የልዩነት ዝርዝር ነው፤ «በዚህ አድራሻ ያለውን ቁጥር አንሳ፣ ይሄኛውን ተካ» የሚል። ላፕቶፑ ላይ አንዴ ጠቅ… አለቀ። ልጁ 5 ደቂቃ ያለው እውነቱን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ። ፓች ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያደርጉታል። እ.ኤ.አ በ2014 ቶዮታ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሪየስ መኪኖችን ጠርቶ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ፕሮግራም በአዲስ ተክቷል፤ የአንድ ዕቃ መጋል መኪናውን መንገድ ላይ ሊያቆመው ይችላል ተብሎ። አንድ መፍቻ ሳይነካ ማለት ነው። ስለዚህ የልጁን ሙያ የምትንቁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በ2016 ዓ.ም ጥር ወር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህማ፣ ያሉትን አሮጌዎች ማስታመም የሚችል እጅ ወርቅ ነው።

ግን ወርቁ የሚነጥረው እዚህ ነው። የደሴው ባለሙያ እንዳስረዱኝ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ዓመተ ምሥረታ ያላቸው ሁለት ፒክአፖች እንኳ ውስጣቸው ያለው የሶፍትዌር ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ቁጥሩ ከተለያየ ደግሞ አድራሻው ይለያያል። ለአንዱ የተሠራውን ፓች ሌላው ላይ ብትለጥፈው፣ ደሴ ፒያሳ ላለ ቤት የተጻፈን ደብዳቤ ኮምቦልቻ እንዳለ ቤት በር ሥር መወርወር ነው። ናፍጣ ይቀንሳል ያልከው ፓች የራዲያተሩን ፋን የሚያስነሳውን ሕግ ሊበላው ይችላል።

«ታዲያ ኮምፒውተሯ አታውቅም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ታውቃለች፤ በከፊል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ ድምር አለ። ቁጥሮቹ ሁሉ ተደምረው ከተጻፈው ድምር ጋር ካልገጠሙ፣ ብዙ ጊዜ መኪናው አልነሳም ይላል። ለዚህ ነው ፓች የሚያደርጉ ልጆች በመጨረሻ ድምሩን «የሚያርሙት»። ከዚያ ኮምፒውተሯ ዝም ትላለች። ልብ በሉልኝ! ድምሩ ገጠመ ማለት ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይስማማሉ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለሞተሩ ይስማሙታል ማለት አይደለም። ሱቅ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገንዘቡ ጎድሎ መዝገቡ ግን ልክ የሆነበት ቀን የለም?

ሌላው ደግሞ መብራት ነው፤ የኤሌክትሪኩን ማለቴ ነው። ፋይሉ እየተጫነ ሳለ የባትሪው ጉልበት ከወረደ ወይም ላፕቶፑ ከጠፋ፣ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአዲስ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ያቺ መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ከድንጋይ አትለይም። ለማስነሳት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሳጥኗን ፈቶ፣ ውስጧ ድረስ መግባት ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ቻርጀር ሳይሰኩ የሰው መኪና ላይ ፋይል የሚጭኑ ደፋሮች አሉ ሲሉኝ ገረመኝ።

የኮምቦልቻው ሰውዬ ያጫወቱኝን ደግሞ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል፤ የኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ያህል ይጎድላል። ሹፌሩ «መኪናዬ ታሟል» ይላል፤ የጎደለው ግን አየሩ ነው። ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ 1850 ሜትር አካባቢ፣ ትንሽ ይሻለዋል። «ኮምቦልቻ ላይ ብዙ መኪና ሳልነካው ድኖልኛል!» ብለው ሳቁ።

ተርቦ ያለው መኪና ይህን ይቋቋማል፤ ግን የሳሳውን አየር ለማጠራቀም ተርቦው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ ፋብሪካው ፋይሉ ውስጥ ልጓም አስገብቷል፤ ከፍታው ሲጨምር ግፊቱን ቀነስ የሚያደርግ። አሁን አንድ ጎረምሳ ባሕር ዳር ላለ ከተማ የተሠራ «የጉልበት ፋይል» ከሆነ ቦታ ያመጣና ይጭናል፤ ልጓሙ ተነስቷል። ሠፈር ውስጥ መኪናው ይበራል፤ ጓደኛ ያጨበጭባል። ያንኑ መኪና ጭኖ ወደ ጉጉፍቱ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ያውጣው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን 70 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተርቦው ከአቅሙ በላይ ይጮሃል። ናፍጣው የሚያቃጥለው አየር ስለሚያጣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የጭሱ ሙቀትም ይጨምራል። ተርቦ መሰበር፣ ፒስተን መቅለጥ የሚባለው የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ወሎ ላይ የሚሠራ ልጅ የወሎን ተራራ ሳያስብ ፋይል መጫን የለበትም ባይ ነኝ።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የልጁ አለቃ ያዘዙት ጉልበት መጨመር አይደለም። ኮዱን ማጥፋት ነው። ለመሆኑ ፒ0087 ምንድን ነው? «የናፍጣው ግፊት ከሚፈለገው በታች ወርዷል» ማለት ነው። በነዚህ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ናፍጣው ኖዝሎቹ ዘንድ የሚደርሰው ከ1000 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው፤ የአውቶሞቢል ጎማ 2 ባር ተኩል አካባቢ እንደሆነ አስቡት። ግፊቱ የሚወርደው ፊልትሮው ሲዘጋ፣ ፖምፓው ሲደክም፣ ኖዝሉ ሲያልቅና ሲያፈስ፣ ወይም ግፊት መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ነው። የፊልትሮ ከሆነ ቀላል ወጪ ነው። የፖምፓና የኖዝል ከሆነ ግን ጅዳ የተለፋበትን የስንት ወር ደመወዝ ይበላል።

ኮዱን ከፋይሉ ማጥፋት ምን ማለት ነው ታዲያ? ኮምፒውተሯ ውስጥ «እነዚህን ጉድለቶች ካየሽ መብራቱን አብሪ» የሚል ዝርዝር አለ። ልጁ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷን መስመር ዜሮ ያደርጋል። ግፊቱ መውረዱን አይተውም። ፖምፓው መድከሙን አይተውም። የሚያቆመው መናገሩን ብቻ ነው። እንደ ፋይሉ ዓይነትም፣ ሞተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበት የሚቀንስበትን ሥርዓት አብሮ ሊያሰናክለው ይችላል። እንግዲህ ያ ወንድሟ ሲሚንቶ ጭኖ፣ ረዳት አጠገቡ አስቀምጦ ሐረጎን ሲወርድ ሲወጣ አስቡት። ሐረጎን የማታውቁ ካላችሁ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ጠመዝማዛ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ መውረድና መውጣት። ግፊቱ ሲሞት ሞተሩ ቀጥ ይላል። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ከሞተሩ ስለሚመጣ፣ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መብራቱ ይሄንን ነበር ቀድሞ ሊነግረው የተሠራው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «5 ደቂቃ ነው» ያልከውን ነገር ከደብዳቤህ ሰርዘው። ቢላም ለመሰንዘር 5 ደቂቃ አይፈጅም።

«አለቃዬ አዘውኝ ነው» ብለሃል። እስቲ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልንገርህ። ቮልስዋገንን ታውቀዋለህ መቼም። እ.ኤ.አ መስከረም 2015 ላይ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጉድ አወጣ። ኩባንያው የናፍጣ መኪኖቹ ኮምፒውተር ውስጥ ብልጥ ፕሮግራም አስገብቶ ነበር፤ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጠራል፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ይለቀዋል። አንዱ መርዛማ ጋዝ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና! ያው የአንተው ሥራ ነው እኮ፤ ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር። ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፈለ። እሺ፣ እሱ ገንዘብ አለው። ፕሮግራሙን በመሥራት ከተሳተፉት መሐንዲሶች አንዱ ጄምስ ሊያንግ ግን ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ ነሐሴ 2017 ላይ 40 ወር እስራትና 200 ሺህ ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። የኩባንያው ሠራተኛ ነበር፤ አለቆች ነበሩት። ወኅኒ የገባው ግን ራሱ ነው።

አንተን ማን ያስርሃል ልል አይደለም። ፋይሉ ላይ የሚያርፈው የማን እጅ እንደሆነ እንድታስበው ነው። አለቃህ ላፕቶፕ አይከፍቱም፤ ደንበኛውም አይከፍትም።

ሕጉንም ልጨምርልህ። ባለመኪናው «እኔ እንዳለ ነው የሸጥኩት፣ ዋስትና የለብኝም» ብሎ ውል ላይ ሊያስጽፍ ይችላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው የውል ቃል አያድነውም ይላል። መብራት በሚበራበት መኪና ላይ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። መብራቱን በገንዘብ አስጠፍቶ መሸጥ ግን መደበቅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ነገሩ ችሎት የደረሰ እንደሆነ ደግሞ «ማን አጠፋው?» መባሉ አይቀርም። የአለቃህ ጋራዥ ስም ይነሳል። እንግዲህ አለቃህን የምትከዳው የትኛውን ብታደርግ ነው?

አሁን ምን ታደርጋለህ? እኔ የምመክርህ ይሄንን ነው።

መጀመሪያ ወደ አለቃህ ሂድ። ወደ ገዢዋ አይደለም፤ ወደ እህቷ ደግሞ ጭራሽ አይደለም! (ከፍቅረኛ ጋር ማታ በስልክ የተወራ ነገር ጠዋት ሰፈሩን ዞሮ ይጠብቅሃል፤ ያኔ አንተ «ሐሜተኛ» ተብለህ፣ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቁጭ ይላል።) አለቃህን ሰው ፊት አታናግራቸው። ጋራዡ ሲዘጋ፣ እጃችሁን ስትታጠቡ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» በላቸው። ስድብ የለ፣ ስብከት የለ። «ይሄን ኮድ ባጠፋው ሰው ይሞትብናል ብዬ ፈራሁ። ገዢዋን አውቃታለሁ፤ ነገ መኪናው ሐረጎ ላይ ቢቆም መጀመሪያ የምትመጣው እዚህ ነው። እርስዎ ያስተማሩኝ እጅ በዚህ እንዲታወቅ አልፈልግም» በል። እኚህ ሰው እናትህ ስትታመም ደመወዝ ቀድመው የሰጡህ ሰው ናቸው። ልብ አላቸው። ምናልባት «ኮድ አጥፋ» ሲሉህ እንደ ተራ ነገር አይተውት ይሆናል፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ከሳቸው ይልቅ አንተ ነህ የምታውቀው። እሳቸው የመፍቻው መምህር ናቸው፤ በዚህኛው መምህሩ አንተ ነህ።

ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። ስካነሩን ሰክተህ መኪናው እየሠራ የሚፈለገውን ግፊትና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን አንብብ። ፊልትሮውን ፈትተህ እይ። ከኖዝሎቹ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ናፍጣ በየጠርሙሱ ለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ብዙ ከሞላ ሌባውን ያዝከው ማለት ነው። ከዚያ ለአለቃህ ‹ጋሼ፣ በሽታው ይሄ ነው፣ ዋጋው ይሄ ነው› ብለህ ቁጥር አምጣላቸው። ባለመኪናውም ሁለት መንገድ ይኖረዋል፤ ያሠራል፣ ወይም «ይሄ ይሄ አለበት» ብሎ ዋጋ ቀንሶ ይሸጣል። ብዙ ሰው የሚዋሸው የእውነቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ ነው። የፊልትሮ ችግር ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? በትንሽ ብር የሚያልቅን ነገር በወንጀል ልታደርጉት ነበር ማለት ነው።

ደንበኛው «አይሆንም፣ አጥፉልኝ» ካለስ? አትሥራው። «ሌላ ይሠራዋል» ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ይሥራው። አለቃህ ቢቆጡ ተቆጡ። ሥራ የማጣት ነገር ቢመጣም፣ ፋይል ማንበብ የሚችል ልጅ ደሴም ኮምቦልቻም ሥራ አያጣም፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ ይሄንን ነው። ቀላል ነው አልልህም። እናት አለችህ፣ ሽማግሌ ልትልክ ነው፣ ገንዘብ ትፈልጋለህ። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጽዳ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ያመጣችውን ብር አስብና ከዚያ በኋላ ጣትህ ጠቅ ካለ፣ እኔ አልፈርድብህም፤ ግን እዚያ ቤት ሽማግሌ አትላክ።

ገዢዋስ? ንገራት ነው የምልህ። አለቃህን ካናገርክ በኋላ፣ መኪናው ሳይታረም ሊሸጥ መሆኑን ካወቅህ፣ ቀብድ ከመክፈሏ በፊት። አለቃህን መወንጀል አያስፈልግህም። «እትዬ፣ ያንን ፒክአፕ ሳታስመረምሪ እንዳትገዢ፤ የናፍጣ ግፊቱን በስካነር አሳዪ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይሞከር» ብትላት በቂ ነው። «ለምን?» ካለችህ እውነቱን ንገራት። ይህን የአለቃ ምስጢር ነው የሚሉኝ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ባለፈው ስለ ሐኪምና ስለ ምስጢር ስጽፍም ሰድበውኛል። የደንበኛ ምስጢር ማለት ሰውየው ዕዳ አለበት፣ ከሚስቱ ተጣልቷል ዓይነት ነው። ሐረጎ ላይ ፍሬን ሊያሳጣ የሚችል ነገር ምስጢር አይባልም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

አሮጌ መኪና ለመግዛት ብር የምትቆጥሩ ደግሞ፣ ከሁለቱ ባለሙያዎች የለቀምኩትን ላካፍላችሁ። ቁልፉን ስትከፍቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት፤ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል። ይሄ ግን የሚያጋልጠው ሰነፉን አታላይ ብቻ ነው። በፓች ኮድ የጠፋበት መኪና መብራቱን በደንብ ያበራና በደንብ ያጠፋል! ስካነርም ቢሰኩበት «ምንም የለም» ይላል። ስለዚህ «ስካነር ንጹሕ ነው አለ» ለሚላችሁ ደላላ አትሸነፉ። ባለሙያው የሞተሩን ቁጥሮች እየተነዳ ያንብብ፤ የሚፈለገውና የተገኘው ግፊት ተራርቀው ኮዱ ዝም ካለ፣ አንድ እጅ ገብቶበታል። ሌላ ብልሃትም አላቸው፤ ሞተሩን አጥፍተው የአንዱን ሴንሰር ሶኬት ነቅለው እንደገና ያስነሱታል። ጤነኛ ኮምፒውተር ትጮሃለች፣ መብራት ታበራለች። የዚያ ሴንሰር ኮድ የጠፋባት ግን ዝም ትላለች። (ይሄን ራሳችሁ ሳትሆኑ መካኒክ ይሥራላችሁ!) ሙከራውንም ሜዳ ላይ አታድርጉት። ደሴ ላላችሁ ሐረጎ ቅርብ ነው፤ ጭነት ይዞ ይውጣና ይታይ። ሻጩ «ነዳጅ አባካኝ አትሁኑ» ካላችሁ ነዳጁን እናንተ ሙሉለት።

ፋይሉ ተነክቶ የተሸጠላችሁ ካላችሁም፣ የሠራውን ጋራዥ ኦሪጅናሉን ፋይል ጠይቁት። ደህና ባለሙያ ከመንካቱ በፊት ያወጣውን ፋይል በሶፍትዌር ቁጥሩ ጽፎ ያስቀምጣል። «ኦሪጅናሉ የለኝም» የሚል ልጅ ሸሚዝ ቀዶ ቁልፉን የጣለ ልብስ ሰፊ ነው።

የላፕቶፑ ልጅ፣ አለቃህ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። አብሽር! ፊልትሮው መሆኑንም አለመሆኑንም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይሄ ነገር አሁን እኔንም ይዞኛል።

ከኮምቦልቻ «ሁለት ልብ ሆንኩ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ያንቺ ደብዳቤ ቦታ ስላጣ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ገጹ ያንቺ ነው። እስከዚያ ስልኩን አታንሺለት።